ኛማልና ከባዱ ቤዝ ጊታር

ባለፈው ቅዳሜ ግማሽ ኪሎ ቲማቲምና አንድ እስር ቆስጣ ገዝቼ ከገበያ ስወጣ፣ አንዲት ወጣት ከኋላዬ ደርሳ «ማዘር፣ ላግዝሽ?» አለችኝ። «ማዘር» መባል እስካሁን አልተዋጠልኝም፤ ጡረታ ለመውጣት እንኳ ገና ዓመታት ይቀሩኛል። ፌስታሉን ግን ሳላቅማማ ሰጠኋት። ቲማቲሙን የሸጠችልኝ ሴትዮ ደንበኛዬ ስለሆነች ትደፍረኛለች፤ «ቲቸር፣ ግማሽ ኪሎ ከበደዎት እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። «አዎ፣ ከበደኝ» አልኳት። ልጅቱ ፌስታሉን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሁለት እጇን እያወዛወዘች ከፊት ከፊቴ መሄድ ጀመረች። የዚህ አገር ሴቶች ሸክም በራሳቸው ሲይዙ አንገታቸው አይነቃነቅም። እሷን ከኋላ እያየሁ ስሄድ ኛማል ትዝ አለችኝ።

ጋምቤላ የመጣሁት ልጅ እግር አስተማሪ ሆኜ ነው። ከደብረ ብርሃን ስነሳ እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሹራብና አንድ ጋቢ ከተተችልኝ። «እናቴ፣ በረሃ እኮ ነው የምሄደው» ብላት፣ «የሰው አገር ምን አለበት፣ ይበርዳል» ብላ ድርቅ አለች። ከአውቶቡስ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው የተቀበለኝ። ጋቢው ለብዙ ዓመት ትራስ ሆኖ አገልግሏል።

ኒውላንድ የሚባለው ሰፈር ዳር አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራየሁ። ቀን ቀን ችግር የለም፤ አማርኛ አስተምራለሁ፣ ተማሪ አለ፣ ጫጫታ አለ። ወደ ማታ ነው ጉዱ። እኛ ቤት ከአንድ ትሪ የምንበላው ሰባት ሆነን ነበር። እዚህ ለብቻዬ እንጀራ ስቆርስ፣ የራሴ አኘካኘክ እየተሰማኝ ሆድ ይብሰኝ ጀመር። እንዲያውም አንዳንድ ቀን ቆሜ ነበር የምበላው፤ ለአንድ ሰው ማዕድ ማቅረብ ቀልድ መስሎ ይታየኝ ነበር።

ባንዱ ውስጥ የገባሁትም ሙዚቃ በልጦብኝ እንዳይመስላችሁ። ሰው ፍለጋ ነው። የመምህራን ባንድ ነበረን፤ አለቃው አቶ ታደለ የሚባሉ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፣ ኦርጋን ይጫወታሉ። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ክራር እመታ ነበር ብዬ አመለከትኩ። አቶ ታደለ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ክራር የመታ ቤዝም አያቅተው» አሉ። ቤዝ ተጫዋቹ ወደ አገሩ ተዛውሮ መሣሪያው ሰው አጥቶ መቀመጡን ያወቅሁት በኋላ ነው። ማንም ያልፈለገው ለምን እንደሆነም የገባኝ ያነሳሁት ዕለት ነው።

ምን ዓይነት ፍጥረት እንደነበር እንዴት ልንገራችሁ። እንጨቱ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የበር መቃን የሚወጣው። ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ርቀው የተወጠሩ ስለነበሩ፣ አንዱን ለመጫን ሙሉ ጉልበት ይፈልጋል፤ ጣቶቼ ውሃ ቋጥረው ይፈርጡ ነበር። ይባስ ብሎ አንገቱ ከገላው ይከብዳል። ማንገቻውን አጥልቄ ስቆም አንገቱ ወደ መሬት ይዘነበላል፤ ግራ እጄ ደግፎ ልያዝ ወይስ ክር ልጫን ግራ ይገባው ነበር። ቅዳሜ ስንለማመድ ማንገቻው ትከሻዬ ላይ የጣለው ሰንበር እስከ ረቡዕ አይለቅም። ቦርሳው ተቀዳዶ ስላለቀም አናጢ የሣንቃ ሳጥን ሠርቶለታል። በዚህ ላይ ሳጥኑ ራሱ ሌላ ሸክም።

መሣሪያውን አዳራሹ ውስጥ ትቶ መሄድ አይቻልም፤ ዕቃ ቤቱ ውሃ ያስገባ ነበር። ስለዚህ ሁሉም የየራሱን ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል። ባጃጅ ገና ከተማውን አላጥለቀለቀውም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አስፋልቱ ሲንቀለቀል፣ እኔ ሳጥኔን አንዴ እያቀፍኩ አንዴ እየጎተትኩ ከኒውላንድ ወደ መሃል ከተማ እጓዛለሁ። በጀርባዬ ላዝለው ሞክሬ ነበር፤ እኛ ደገኞች የምናውቀው ማዘል ነው። ሳጥኑ ግን ወገቤን እየደቃ አላስኬድ አለኝ።

አንድ ቅዳሜ ከአንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጬ አርፋለሁ። የበሰለ ማንጎ እየወደቀ የሚፈነዳበት ወቅት ነበር፤ አካባቢው በሙሉ ጣፋጭ ይሸታል፣ ዝንቡም አይጣል ነው። አንዲት ረጅም ሴት መጥታ ፊቴ ቆመች። እኔን አየች፣ ሳጥኑን አየች። ምንም ሳትጠይቅ ከወገቧ ሰማያዊ መስመር ያለው ጨርቅ ፈትታ ጠቀለለችና አናቷ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሳጥኑን አነሳችው።

«የት?» አለችኝ።

ኛማል ይህች ናት። ኑዌር ናት፤ በዕድሜ እኩያዬ። ከአክስቷ ጋር ትኖር ነበር፤ እናቷና ወንድሞቿ ድንበሩን ተሻግሮ ደቡብ ሱዳን ናቸው። በሥራ ቀን ጤና ጣቢያ ታስተረጉማለች፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መካከል ትዘምራለች። ያን ዕለት አዳራሹ ድረስ አደረሰችልኝ። አመስግኜ ስሸኛት አልሄደችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ልምምዱን እስከ መጨረሻ ሰማች። ሲያልቅ ደግሞ ጨርቋን ጠቀለለች።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከማንጎው ሥር ትጠብቀኛለች። በሰላምታ «ማሌ» ትለኛለች፣ «ማሌ» እላታለሁ፤ የኑዌርኛዬ መጀመሪያም መጨረሻም እሱ ነው። እሷ ሳጥኑን በራሷ፣ እኔ ባዶ እጄን ከጎኗ። በመንገድ የማናወራው አልነበረም። እሷ ስለ እናቷ ላሞች ትነግረኛለች፣ የእያንዳንዷን ቀለም ለይታ። እኔ ስለ ደብረ ብርሃን ውርጭ አወራላታለሁ፤ ውሃ በሌሊት ድንጋይ ይሆናል ስላት አላመነችኝም። ስንመለስ ባሮ ዳር የተጠበሰ አሳ ገዝተን፣ ሳጥኑን ጠረጴዛ አድርገን እንበላለን። ያ ቅዳሜ ባይኖር ኖሮ ዝውውር ጠይቄ ወደ እናቴ እመለስ ነበር፤ ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም።

አንድ ቀን «የአንቺ ጊታር ሁሉም ሲዘፍን ለምን ያጉረመርማል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ቤዝ ነዋ፣ ሥራው እሱ ነው። ብዙ ሰው ልብ አይለውም» አልኳት።

«እኔም አልሰማውም» አለች። «አንቺ ስታቆሚ ነው የሚሰማኝ።»

እንዲህ ነበረች፤ ያየችውን ትናገራለች፣ ሌላ ዙሪያ ጥምጥም የላትም። አንድ ጊዜ ቤቷ ወሰደችኝ። ኮፕ የሚሉትን፣ ከበቆሎ ዱቄት ደቀቅ ተደርጎ የሚሠራውን ምግብ፣ ትኩስ ወተት አፍስሳ አቀረበችልኝ። አንጀቴ በረሃብ ይጮሃል። እንደ ወጉ «ኧረ ጠግቤያለሁ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» አልኩ። «እሺ» አለችና አነሳችው። ይኸው ነው! «በሞቴ» የለ፣ «አፈር ስሆን» የለ፣ ሳህኑ ሄደ። በሳምንቱ ነገሩን ስነግራት መንገድ ላይ ቆማ ሳቀች፤ ሳጥኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ከራበሽ ለምን አይ ትያለሽ?»

«ይሉኝታ ነው» አልኳት።

«ይሉኝታ ምንድን ነው?»

የአማርኛ አስተማሪ ነኝ እኮ። አዳራሹ እስክንደርስ ላስረዳት ታገልኩ፤ አልገባትም። አሁን ሳስበው እኔም እንጃ።

እንግዲህ ያንን ቤዝ እንዲለውጡልኝ አቶ ታደለን ነጋ ጠባ እጨቀጭቅ ነበር። «ወይ እሱ ይለወጥ ወይ እኔ ልለወጥ» ማለት ከጀመርኩ ዓመት አልፎኝ ነበር። ስንጠብቅ ስንጠብቅ፣ እሳቸው ለክረምት አዲስ አበባ ወጥተው ሲመለሱ አንድ አዲስ ይዘው መጡ። አይ ደስታ! ገላው ሳሳ ያለ፣ እንጨቱ ቀላል፣ አንገቱ አጠር ብሎ ለእጄ የሚመጥን። ሳንጠለጥለው እንደተቀመጠ ይቀራል፤ ብለቀውም አይዘነበልም። ክሩ ገና ጣቴን ሳሳርፍ ይጮሃል። ቦርሳው ደግሞ ለስላሳ፣ ሁለት ማንገቻ ያለው፣ እንደ ደገኛ በጀርባ የሚታዘል። ያን ዕለት ማታ በባዶ ክፍሌ ውስጥ አዝዬው ወዲያ ወዲህ ስል ነበር። አሮጌው ከነሳጥኑ በአቶ ታደለ ቤት ጓዳ ተወሸቀ።

ቅዳሜ ኛማል ከማንጎው ሥር ቆማለች፣ ጨርቋ በእጇ።

«ሳጥኑስ?»

«ተገላገልን!» አልኳት፣ ዞር ብዬ ጀርባዬን እያሳየሁ። «ከእንግዲህ አንቺ አትድከሚ። ራሴ እይዘዋለሁ።»

በእኛ አገር እንዲህ ሲባል መልሱ የታወቀ ነው። «ምን ድካም አለው! አብሬሽ ልሂድ እንጂ» ይባላል። እኔም እሱን ጠበቅሁ። ኛማል ቦርሳውን ከሥሩ በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ መዘነችው።

«ቀላል ነው» አለች።

«ቀላል ነው» አልኩ።

«እሺ።» ጨርቋን ወገቧ ላይ አሰረችና በመጣችበት ተመለሰች።

ኮፑ እንዴት እንደሄደብኝ እያወቅሁ መልሼ ያንኑ አደረግሁ፤ ልማድ መጥፎ ነው። ጀርባዋን አየሁ። ልጠራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ጠርቼ ምን ልበል? የሚሸከሙት ነገር የለም፣ እንዲያው ነይ ይባላል? አንዲት መምህርት «መንገዱን ብቻዬን መሄድ አልወድም» ብላ ሰው ታስቸግራለች? ብቻዬን ሄድኩ። ልምምዱ ላይ አቶ ታደለ «ዛሬ ገና ቤዝ ሰማን» ብለው አሞገሱኝ። እኔ ግድግዳውን ነበር የማየው።

በሚቀጥለውም ቅዳሜ አልመጣችም፣ ከዚያም በኋላ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ፈገግ ብላ «ማሌ» ትለኛለች፤ ቅር ያላት አትመስልም፣ ወደ ጉዳይዋ ታልፋለች። ለእሷ ነገሩ ያለቀ ነበር፤ ሸክም ነበረ፣ ሸክሙ ቀረ፣ አትምጪ ተባለች፣ ቀረች። እኔ ግን ጎኔ ባዶ ሆነ። አሳውን ለብቻዬ ገዝቼ ቆሜ መብላት ጀመርኩ።

ሆዴ አልችል ሲል አቶ ታደለ ቤት ሄጄ አሮጌውን ቤዝ ስጡኝ አልኳቸው።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ ልጄ?»

«ድምፁ ይሻላል» ብዬ ዋሸሁ።

ቅዳሜ ያንን ሳጥን ጎትቼ ከማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ታልፋለች፣ ሳጥኑን ታያለች፣ ታነሳዋለች፣ እኔም ምንም ሳልናገር ነገር ዓለሙ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቁጭ ብዬ ብጠብቅ አላለፈችም። ማንጎው ወቅቱ አልፎ ቅጠል ብቻ ነበር። የልምምዱ ሰዓት ሲያልፍ ተነሳሁና ሳጥኑን ወደ አዳራሹ በመውሰድ ፈንታ ወደ እሷ ቤት መጎተት ያዝኩ። ዛሬስ እንደ ፍጥርጥሩ፣ ነይ ብያት እመለሳለሁ አልኩ።

ደጃፉ ላይ አክስቷ ልብስ ታሰጣለች። አማርኛዋ ጥቂት ነው።

«ኛማል የለም» አለችኝ። «እናት አመመው። ማዶ ሄደ።»

«መቼ ትመለሳለች?»

እጇን ወደ ድንበሩ አቅጣጫ ዘርግታ፣ መልሳ ጣለችው። እዚያው ሳጥኔ ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ አልፈለግሁም ነበር፤ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ትንሽ አየችኝ። የተላጠውን መዳፌን አየች፣ ሳጥኑን አየች። ወደ ውስጥ ገብታ ስትወጣ ሰማያዊ መስመር ያለውን ጨርቅ ይዛለች። ጠቀለለችው፣ አናቷ ላይ አስቀመጠች፣ እኔን በእጇ ገፋ አድርጋ አስነሳችኝና ሳጥኑን ተሸከመች።

«የት?» አለችኝ።

«አትድከሚ» ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ቤቴን በእጄ አሳየኋት። የጋራ ቋንቋ እምብዛም ስላልነበረን መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል አላወራንም። ደጄ ላይ ሳጥኑን አውርዳ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች።

ኛማልን ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ማዶ ጦርነት መጣ፣ ሰው ተበታተነ፤ አክስቷም ቤቱን ለቃ ሄደች። ከመጡት ኑዌሮች መካከል ስንቱን ጠየቅሁ፤ በዚያ ስም የምትጠራ ሴት ብዙ ናት። ቀላሉን ቤዝ ባንዱ እስኪፈርስ ድረስ ተጫወትኩበት፤ ጥሩ መሣሪያ ነበር፣ በእሱ ላይ ቂም የለኝም። ከባዱ ግን አሁንም ከነሳጥኑ አልጋዬ ሥር ነው።

የባለፈው ቅዳሜዋ ልጅ በሬ ላይ ስንደርስ ፌስታሉን ከአናቷ አውርዳ ሰጠችኝ።

«ቀላል ነው፣ ማዘር» አለች፣ እንደ መታዘብ ብላ።

«አውቃለሁ» አልኳት። «ግቢ፣ ውሃ ጠጪ።»

«አይ፣ ይቅር።»

የእሷ «አይ» እንደ ኛማል ይሁን እንደ እኔ መለየት አልቻልኩም። ድሮ ቢሆን እግዜር ይስጥልኝ ብዬ በሬን እዘጋ ነበር። በሩን እንደከፈትኩ ያዝኩትና፣ «ግቢ» አልኳት። «ብቻዬን ነኝ። ምሳም ብቻዬን ልበላ ነው።»

ትንሽ አየችኝ። «እሺ» አለችና ጫማዋን ደጃፉ ላይ አወለቀች።