ከካሴቱ የቆረጥኳቸው ስሞች

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ውስጥ ከሾፌሩ ጋር ተጣልቼ ከባጃጅ ወረድኩ። ያጣላን የራሴ ጊታር ነው። ሾፌሩ የከፈተው ዘፈን፣ በሠላሳ ዓመቴ ብቻዬን ባወጣሁት የመጀመሪያ ካሴት ላይ ያለ ነበር። «ዝጋው» አልኩት። «እንዴ አባባ፣ ጊታሩ ጋ እስኪደርስ ይታገሡ እንጂ! ዋናው እሱ እኮ ነው» አለኝ። ጮህኩበት። እሱም የዋዛ አልነበረም፤ «ካልተመችዎ መውረድ ይችላሉ» ብሎ ጥጉን ይዞ ቆመ። ወረድኩ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠኝ።

ዋናው እሱ ነው ይለኛል! እስቲ ስለዚያ ዋና ነገር ልንገራችሁ።

ያደግኩት ጎባ ነው፤ አባቴ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ የጤና ረዳት ነበር። ደርግ ወድቆ መንግሥት ሲለወጥ የከተማው የኪነት ቡድን ተበተነ። እኔና ዘፋኙ ጀማል ከተረፈው ዕቃ ላይ ጊታርና ከበሮ ይዘን ባንድ አቆምን፤ ሠርግ ላይ እንጫወት ጀመር። እኔ የምወደው ሮክ ነበር፤ ጊታሩ እንዲያጓራ፣ ሙሽሮቹ ጆሯቸውን እንዲይዙ። ጀማል «ሰው ይጨፍርበት እንጂ ይሽሽበት እንዴ?» እያለ ይጨቀጭቀኛል። በዚህ ተጣልተን ባንዱን ትቼ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ሮኩ ሰበብ ነበር። ያንገበገበኝ በየሄድንበት «የጀማል ባንድ» መባሉ ነው።

ለብቻዬ ለምሠራው ካሴት ማንም የሌለው ድምፅ ፈለግሁ። ኦቦ አዴም የጀማል እናት ወንድም ናቸው፤ ሲናና ወረዳ ውስጥ ገብስ የሚያርሱ ሽማግሌ። ጌራርሳ ሲያወርዱ በልጅነቴ ሰምቼ ነበር። ጌራርሳ ወንድ ልጅ የሠራውን ሥራና የመጣበትን ዘር እየጠራ የሚፎክርበት ዜማ ነው። ቴፔን ተሸክሜ፣ ጀማልን ሳላማክር፣ በአጨዳ ወቅት ሄድኩባቸው። ነፋሱ ገለባውን ዓይኔ ውስጥ ይሞጅራል። ጩኮ አቀረቡልኝ፤ የገብስ ዱቄቱ በቅቤ ርሶ ከጣቴ እስከ አንጓዬ ይወርዳል። እንደዚያ ያለ ጩኮ ከዚያ ወዲህ በልቼ አላውቅም፤ የሚያበላኝም የለም።

«አንድ ነገር ቃል ግባልኝ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ አልወለድኩም። ወንድሞቼም ሳይወልዱ አልፈዋል። የእህቴ ልጅ የሚቆጥረው የአባቱን ዘር ነው። ከእኔ በኋላ አባቶቼን የሚቆጥር የለም። ካሴትህ ይቁጠርልኝ።»

«ቃሌ ነው፣ ኦቦ አዴም» አልኳቸው። አፌ በጩኮ ሞልቶ ነበር።

ፎከሩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከራሳቸው ጀምረው፣ አባቶቻቸውን ወደ ኋላ ቆጠሩ። በእያንዳንዱ ስም መሬቱን በዱላቸው ይመታሉ። እኔ ካሴቱ እንዳያልቅብኝ የቴፑን መስኮት አያለሁ።

አዲስ አበባ ያለው የካሴት ነጋዴ ስሞቹ ጋ ሲደርስ «ይሄ ምንድን ነው፣ የክፍል ስም ጥሪ?» ብሎ ሳቀ። እሱ ሳቀ እንጂ ቁረጥ አላለኝም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ምላጩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ክሩን ቆርጬ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩና ቦታውን በጊታሬ ሞላሁት። አሳምሬ ነው የሞላሁት፤ ኮራሁበትም። ሽፋኑ ላይ የቆዳ ጃኬት ለብሼ ብቻዬን ቆሜአለሁ፤ ከግርጌ በትንንሽ ፊደል «ከአንድ የባሌ ሽማግሌ ጋር» ይላል።

ካሴቱ ጎባ ደርሶ በየሱቁ ይጮህ ጀመር። በገበያ ቀን ከአንድ ካሴት ቤት በር ላይ ቆሜ ስሞገስ፣ ኦቦ አዴም ጀማልን አስከትለው መጡ። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ አዴም!» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልጨበጡኝም። በዱላቸው ወደ ድምፅ ማጉያው አመለከቱ።

«ይሄ ሰውዬ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!»

«እኔ አባት አለኝ። ያንተ ሰውዬ አባት የለውም። ወላሂ፣ እኔ አይደለሁም።» ከዚያም «የቀረውን የት አደረግኸው?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት» አልኩ። እንደገና እንቅዳው፣ ነገውኑ ሲናና እመጣለሁ ብዬ ለመንኳቸው።

«ቆሻሻ ላይ ለጣላቸው ሰው ሁለተኛ አልጠራቸውም» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ጀማል ግን ወደ ኋላ ቀረ። «ባንዱን ጥለህ ስትሄድ ተናድጄ ነበር እንጂ አልጠላሁህም። ዛሬ ጠላሁህ» አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያለኝ።

ኦቦ አዴም በቀጣዩ ክረምት ሞቱ። ከዚያ ወዲያ ከሮቤ እስከ ደሎ መና ከእኔ ጋር ድምፁን የሚቀዳ ሽማግሌ አላገኘሁም፤ ወሬው ቀድሞኝ ይደርሳል። አዲስ አበባ ከማገኛቸው ዘፋኞች ጋር ሁለት ካሴት ሠራሁ። የሰማቸው ሰው የለም፤ እኔም ደግሜ አልሰማኋቸውም። ጊታሩን ትቼ አስተማሪ ሆንኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየጠዋቱ የተማሪዎቼን ስም ከነአባታቸው ስጠራ፣ አንዱንም ዘልዬ አላውቅም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ የወጋሁት ነኝ፤ ግን አልረሳሁም። ራሴን ይቅር ማለት ቢያቅተኝ በዚያ የባጃጅ ልጅ ላይ ጮህኩ።

የወረድኩት ከጀማል ሱቅ ትይዩ ነበር። ስንት ዓመት በዚያ በር ሳልፍ ሰላም አይለኝም። ጭቃዬን እየጎተትኩ ገባሁ። ጢሙን ሂና ተቀብቶ ስኳር ይመዝናል።

«ጀማል፣ የኦቦ አዴም አባት ማን ነበሩ? ከእሳቸውስ በላይ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ካሴትህን ጠይቀው» አለና ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

ወጣሁ። ካፊያው ጀምሯል። ቤቴ እስክደርስ ጣቶቼ የጃንጥላዬ እጀታ ላይ ያንን የጊታር ዜማ ይጫወቱ ነበር፤ አንድም ቦታ አልሳቱም። ከስሞቹ የማውቀው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ አዴም።