የሰረዝኩት ፋይል ቦታውን አልለቅም ያለ ዕለት

ትናንት ከምሳ መልስ ቢሮዬን ልከፍት ስል ዶክተር ሕይወት በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ከጀርባዋ አንድ ሽበታም ሰውዬ ነጭ ኮፍያቸውን በእጃቸው ጨምድደው ይዘዋል።

እኔ ደብረ ታቦር ባለ አንድ ሆስፒታል ኮምፒውተር ክፍል ነው የምሠራው። ክፍሉ ማለት እኔው ነኝ...

«ኢሜይሉ ምን ነካው? ከጠዋት ጀምሮ አንድም አልገባም» አለችኝ።

ሰውዬው ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ፤ ይፋግ ላይ እህል ነጋዴ ናቸው። ከባለቤታቸው ጡት እብጠት የተወሰደው ናሙና አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ ትናንት መምጣት ነበረበት። ጎንደር ያለው ቀዶ ሐኪም ለዛሬ ጠዋት ተራ ይዞላቸዋል፤ ግን ውጤቱን ሳያይ አይነካትም። ተራው ካለፈ ደግሞ ሌላው መቼ እንደሚገኝ አንድዬ ነው የሚያውቀው።

«ላብራቶሪው ልከናል ይላል። በቴሌግራም ላኩልኝ ብላቸው ሕጋችን አይፈቅድም አሉኝ» አለች ዶክተሯ።

ገብቼ ኢሜይላችንን የሚቀበለውን ሰርቨር ሳየው ዲስኩ ጢም ብሏል። እንኳን ኢሜይል አንዲት ፊደል የሚያስገባበት ቦታ የለውም። ጥፋተኛው የሎግ ፋይሉ ነው፤ ሰርቨሩ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን የይለፍ ቃል ተሳሳተ እያለ የሚጽፈው የውሎ መዝገብ። ከየት እንደሆኑ የማይታወቁ ማሽኖች የይለፍ ቃል ሲገምቱ ሰንብተው፣ እሱም እያንዳንዷን ሙከራ ሲጽፍ... አብጦ ዲስኩን ውጦታል።

«ቀላል ነው» አልኳቸው። ፋይሉን ሰረዝኩት።

ዲስኩን እንደገና ሳየው... ያው ሙሉ! ፋይሉ የለም፤ ቦታው ግን አልተለቀቀም።

የኢሜይል ፕሮግራሙ ፋይሉን ከፍቶ እየጻፈበት ነው ለካ፤ ስሙን እንጂ እሱን አላጠፋሁትም። ቦታው የሚለቀቀው ፕሮግራሙ ሲዘጋ ነው፤ ዝጋ ብለው ደግሞ ደርቆ ቀረ። የቀረኝ ማሽኑን ራሱን አጥፍቶ ማብራት ነው። ማሽኑ ደግሞ አሮጌ ነው፤ ባለፈው ሲጠፋ አልነሳ ብሎ ቀናት አስለቅሶኛል።

ባሕር ዳር ያለ የሙያ ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ፤ አያነሳም። ደገምኩ። አያነሳም።

«ልጄ» አሉ ጋሽ እንድሪስ በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «አስቸገርንህ... ግን እሷ ውጭ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ምን ልበላት?»

«ትንሽ ይታገሡኝ ጋሼ» አልኩ። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነው፤ መጫን ግን አቃተኝ። ካልተነሳስ? የሴትዮዋ ነገርስ? እግዚኦ...

ከጉና ተራራ በኩል የመጣው ደመና ጣሪያችንን በበረዶ ይደበድበው ጀመር። አንድ ነጎድጓድ... ድርግም! መብራት ጠፋ። የሰርቨሩ ድምፅ እየቀጠነ ሄዶ ዝም አለ። መጠባበቂያ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ጄኔሬተሩም ለማዋለጃና ለቀዶ ሕክምና እንጂ ለእኛ ክፍል አይደርስም።

ወንበሬ ላይ ዘጭ ብዬ ራሴን ያዝኩ። «አለቀ!» አልኩ። ጋሽ እንድሪስ የማሽኑ ነገር ባይገባቸውም ፊቴን አይተው ገባቸው። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ድንግዝግዝ ባለው ክፍል ውስጥ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል... ዱዓ ያደርጋሉ።

መብራት ሲመጣ ማብሪያውን ነካሁት። ዝም። እንደገና ነካሁት... አጓራ! ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ሲወርድ ትንፋሼን ውጬ አየሁት። ተነሳ። ዲስኩም ግማሽ በግማሽ ባዶ ሆኗል። እኔ መወሰን ያቃተኝን ነጎድጓዱ ወሰነልኝ።

የላኪዎቹ ሰርቨሮች ያልገባውን እየቆዩ ደግመው ስለሚልኩ ኢሜይሎቹ ተራ በተራ መግባት ጀመሩ። የላብራቶሪውም መጣ።

ዶክተር ሕይወት ቆማ አነበበችው። «ክፉው ነው ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ቶሎ ከወጣ ተስፋ አለው። አሁኑኑ ተነሡ፤ ሳይመሽ ጎንደር ግቡ።»

ሰውዬው ኮፍያቸውን ደፍተው ተነሡ። ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። «አላህ ሳይደግስ አይጣላም። ታወቀ እኮ ልጄ... ሳይታወቅ ነበር የሚገድላት» ብለውኝ ወደ ሚስታቸው ወጡ።

ዛሬ ከሰዓት ደወሉልኝ። «ከቀዶ ሕክምና ወጥታለች። ነቅታ ውሃ ጠየቀችኝ» አሉ።

እኔማ ዛሬ ቢሮ እንደገባሁ መጀመሪያ የሠራሁት፣ ሎጉ ማበጥ ሲጀምር ራሱን እንዲያጸዳ ማዘዝ ነው... መብራት ሁልጊዜ በሰዓቱ አይጠፋልኝም።