የሃሊሞን ስም ማን ጠራ?

ትናንት ቀፊራ ገበያ ላይ ጋሽ ሣህሉን አገኘሁት። ቲማቲም እየመረጠ ለባለሱቁ ያወራል። "የከረሜላ ፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ፣ ሃሊሞ፣ ታውቃታለህ? እኔ ነኝ ያሳደግኳት!" ኧረ በማርያም! ደሜ ፈላ።

እኔና ሃሊሞ ፋብሪካው በተወረሰ በዓመቱ ነው አብረን የተቀጠርነው። እኔ ታይፒስት፣ እሷ የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ። የክፍሉ ኃላፊ ያኔ ጋሽ ሣህሉ ነበር።

ሐቁን ልናገር፣ አስተምሯታል። ያውም እንዴት አድርጎ! በቀትር፣ የድሬ ሙቀት ሰዉን ሁሉ ወደየቤቱ ሲያባርር፣ እሷን የራሱ ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። እሱ ባለጉዳይ ይሆናል። አንድ ቀን ሰክሮ የመጣ መካኒክ፣ ሌላ ቀን የተቀጣ ተሸካሚ ሆኖ ጠረጴዛ ይደበድባል። "አንቺ! እኔን ነው የምትቀጪው?" እያለ ሲጮህ በመስኮት አይቼ በሳቅ ሞቻለሁ። ሃሊሞ መጀመሪያ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። "ጨርሶ እስኪናገር አትፍረጂ። ከፈረድሽ ደግሞ ምክንያቱን ፊት ለፊት ንገሪው" ይላታል። እያደር እውነተኞቹ ባለጉዳዮች የእሱን በር አልፈው እሷ ዘንድ መሄድ ጀመሩ። አማርኛም፣ ኦሮምኛም፣ ሶማሊኛም እንደመጣላቸው ያዋሯታል፤ እሷም ቁጣቸውን ትችላለች።

"ይቺ ወንበር ያንቺ ናት። እኔ ጡረታ ስወጣ አንቺ ትቀመጪባታለሽ" ይላት ነበር። አመነችው። ሌላ መሥሪያ ቤት በተሻለ ደረጃ ሲፈልጋት እንኳ ያቺን ወንበር ብላ ቀረች።

ጡረታው ሲደርስ ስብሰባ ተጠራ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ድምፅ የለኝም፣ ጆሮ ግን አለኝ። ሃሊሞ ስላልተጠራች ኮሪደር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ሥራ አስኪያጁ "ጓድ ሣህሉ፣ በቦታህ የምታቀርበው ሰው አለ?" አለው። ልብ በሉ፣ ሰውዬው ራሱ ነው የጠየቀው! ስሟን ልጽፍ እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅሁ። ጋሽ ሣህሉ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። "የበላይ አካል ያመነበትን እቀበላለሁ" አለ። በቃ! አንዱ ከወዲያ ማዶ "ለሴት የሚከብድ ቦታ ነው" ሲል እንኳ እሱ በስምምነት ራሱን ነቀነቀ።

ዘመኑ ያስፈራ ነበር አትበሉኝ። እኔም እዚሁ ነው የኖርኩት፣ ሰው በአፉ ምክንያት ሲጠፋ አይቻለሁ። ይሄ ግን የከረሜላ ፋብሪካ ስብሰባ ነው! የተጠየቀውም አንድ ስም ብቻ ነው።

ስንወጣ ሃሊሞ ፊቴን አይታ ነገሩ ገብቷታል። እሱ ግን ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ "አብሽሪ፣ ቀንሽ ይመጣል። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ልጅ ሥራውን አሳዪው" አላት።

"ስሜን ጠራህ?" አለችው።

እሱ ሰዓቱን አየ።

"ወላሂ፣ አንዴ ጠርተኸው እምቢ ቢሉህ እንኳ እጅህን እስም ነበር" አለችውና ወደ ቢሮዋ ገባች። ያን ቀን እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

አዲሱ ኃላፊ አለምብርሃን ይባላል። ገና ሳላየው ጠላሁት። ካኪውን ለብሶ ከተፍ ሲል ተሸካሚው ሁሉ "አንተ" እያለ ሲያዋራው ክው አለ፤ ድሬ አንቱ እንደማያውቅ ማን ይንገረው! ሃሊሞ ግን ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? በቀትር ወንበሩ ላይ አስቀምጣው እሷ ባለጉዳይ ሆነች። ጠረጴዛውን ስትደበድብ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል።

"አብደሻል እንዴ?" አልኳት።

"እሱ ምን አጠፋ? ደግሞስ ሥራውን ካላወቀ ማን ሊጎዳ ነው? ተሸካሚው አይደል?"

አለምብርሃን ከሦስት ዓመት በኋላ ተዛወረ። ያው ክፍል፣ ያው ቃለ ጉባኤ፣ ሥራ አስኪያጁም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። አለምብርሃን አላስጨረሰውም። "ሃሊሞ!" አለ። "እኔን ራሴን ያስተማረችኝ እሷ ናት።"

ያ ሰውዬ ደግሞ "ለሴት..." ብሎ ጀመረ።

"ሠራተኛው ሲቆጣ እኔ በኋላ በር ስወጣ፣ ቁጭ ብላ የምትሰማው እሷ ነበረች" አለው። ስሟን ጻፍኩት።

አሁን ሃሊሞ ስብሰባ ስትገባ መድና የምትባለውን ጀማሪ ይዛት ትገባለች። ኮሪደር ላይ አታቆማትም።

ይሄን ሁሉ እያወቅሁ ቀፊራ መሐል "እኔ ነኝ ያሳደግኳት" ሲል እንዴት ዝም ልበል? "ጋሽ ሣህሉ፣ ማስተማሩንስ አስተምረሃታል፣ አልክድህም" አልኩት። "ስሟን የጠራላት ግን ማን ነው?"

ቲማቲሙን አስቀመጠ። መነጽሩን አወለቀና መጥረግ ጀመረ።

ባለሱቁ ግራ ገብቶት አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። "ማን ነው የጠራላት?" አለኝ።

ጮክ ብዬ ነገርኩት።