የሮሙ ቤተ መንግሥትና የእናቴ እንሰት

ከመሬት በታች ያለ ቤተ መንግሥት ለማየት ሄልሜት ማድረግ ግድ ነው ሲሉኝ ሳቄ መጣ። እኛ ጋ ቅርስ ለመጎብኘት የሚያስፈልገው ቦት ጫማ ነው፤ ጭቃው ያለሱ አያሳልፍም። ቢጫውን ሄልሜት ደፋሁና ከሌሎቹ ሠልጣኞች ኋላ ተሰልፌ ደረጃውን ወረድኩ።

ሮም የሄድኩት ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ነው። ዲላ ባለ መሥሪያ ቤት የቅርስ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ኃላፊያችን ሲሸኘኝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስትመለሺ የትክል ድንጋዮቹን የጥበቃ ዕቅድ ይዘሽልኝ እንድትመጪ።» ድንጋዮቹ ከወናጎ በላይ ባለ ቁልቁለት፣ በገበሬው እንሰትና ቡና መሀል የቆሙ የጥንት መቃብር ምልክቶች ናቸው። አሥራ አንዱ ያሉት በእናቴ ጓሮ ነው። ይህን ኃላፊውም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ማናችንም ግን አላነሳነውም።

ቤተ መንግሥቱን አንድ ንጉሠ ነገሥት ለገዛ ድሎቱ አሠራው። እሱ ካለፈ በኋላ የመጡት ደግሞ ክፍሎቹን በአፈር ሞልተው በላዩ ላይ ሌላ ሕንፃ ሠሩበት። አዳራሾቹ ሰፊ፣ ጣሪያቸው ሩቅ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነው። ግድግዳው ላይ የደበዘዙ ወፎችና አበቦች ተስለዋል። አልገረመኝም ብል ውሸት ነው፤ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች አስጎብኚያችን ባትሪዋን ወደ ጣሪያው አበራች። ከስንጥቁ ቀጭን ሥር ተንጠልጥሏል።

«ከአናታችን በላይ መናፈሻ አለ» አለች። «ዛፎቹ ሥር ይሰዳሉ፣ አፈሩ ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ጣሪያው ይናዳል። የዚህ ቤት ጠላቱ እላዩ ላይ የበቀለው ነው።»

ሁሉም ፎቶ አነሳ፤ እኔም አነሳሁ። ከዚያ ግን «ዛፎቹ የማን ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«የማንም» አለች ትከሻዋን ነቅንቃ። «የከተማው።»

እኔም ማስታወሻዬ ላይ በትልቁ «ሥር የቅርስ ጠላት ነው» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። እንደ ወጣን ፎቶውን ለኃላፊዬ ላክሁለት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

እናቴ ጋ የሄድኩት በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ነው። ጓሮዋ ውስጥ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ስትመለምል አገኘኋት። እየተኩራራሁ ያየሁትን ሁሉ ተረኩላትና በመጨረሻ «እማ፣ በድንጋዮቹ ዙሪያ ያለው እንሰት ሊነቀል ነው» አልኳት። ለእሷ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አላጣሁትም። ከዚያ እንሰት ሌላ ጎተራ የላትም፤ እንሰት ደግሞ ዛሬ ተክለውት ለከርሞ አይደርስም። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ቢላዋዋን አስቀምጣ በጌዴኦኛ ጠየቀችኝ።

«ያ ቤት ከአፈሩ በላይ ነው ያለው ወይስ በታች?»

«በታች።»

«የኛ ድንጋይስ?»

«በላይ» አልኳት።

እጄን ይዛ ወደ ጓሮዋ ጥግ ወሰደችኝ። እዚያ ያለው ከአራት ዓመት በፊት የኛው መሥሪያ ቤት ለጎብኚ እንዲመች ብሎ እንሰቱን መንጥሮ በሽቦ ያጠረው ቁራጭ መሬት ነው። ያን ቀን ቆመው ካስመነጠሩት አንዷ እኔ ነበርኩ። ሦስት ድንጋዮች ተጋድመዋል። መውደቃቸውን ቢሮ ቁጭ ብዬ ሪፖርት ላይ አንብቤዋለሁ፤ «በተፈጥሮ አደጋ» ይላል። እናቴ አንበረከከችኝና እጄን አንዱ ድንጋይ ቆሞበት በነበረው ጉድጓድ ከተተችው። ጠጠር ብቻ ነው። አፈሩን ጎርፉ ቁልቁል ወስዶታል። ከዚያ ከሽቦው አጥር አውጥታ ወደ እንሰቷ መሀል መለሰችኝና ከቆመ ድንጋይ ግርጌ እንድቆፍር አዘዘችኝ። ጣቴ አልገባ አለ። የእንሰቱ ሥር አፈሩን ጥቅጥቅ አድርጎ እንደ ስፌት ይዞታል።

«የዚያ ሰውዬ ቤት አፈር ተጭኖት ነው የተጎዳው» አለች። «የኛ የቆመው በአፈር ነው። ይህን ለማወቅ ሮም ድረስ ምን አስኬደሽ?»

ተናደድኩ። በእሷ አይደለም፣ በራሴ ነው። እዚያው ጓሮ ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ አንዲት ሴትዮ ባትሪ ስላበራችልኝ ብቻ ዓይኔን ጨፍኜ ተመለስኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ በሚለው ተረት ልጆቼን ስንቴ መክሬያለሁ!

ስብሰባው ሐሙስ ነበር። ኃላፊው የላክሁለትን ፎቶ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳየ። የሮሙ ሥር ሰው አክሎ ታየ።

«ባለሙያችን በዓይኗ አይታ መጥታለች» አለ። «እንግዲህ በድንጋዮቹ ዙሪያ ያለው ተክል በሙሉ ይነሳል፣ ሣር ይተከላል፣ ይታጠራል። መጀመሪያ አንቺ ትፈርሚያለሽ።»

አጠገቤ የተቀመጠው የሥራ ባልደረባዬ ጆሮዬ ሥር «ዝም በይ፤ ዝም አይነቅዝም» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲፈራ ተረት ያበዛል እንጂ።

ተነሳሁ። «አልፈርምም» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። «ሮም የዛፍ ሥር ጣሪያ ያፈርሳል፤ እኛ ጋ የእንሰት ሥር ድንጋይ ያቆማል። እኛ በመነጠርንበት ሦስት ወድቀዋል፣ እናቴ እንሰት ውስጥ አንድም አልወደቀም። ካላመኑኝ ይምጡና እጅዎን ይክተቱበት።»

ኃላፊው ፕሮጀክተሩን አጠፋ።

«ይህን የምትዪው መሬቱ የእናትሽ ስለሆነ ነው» አለኝ።

አመመኝ፤ ግማሹ እውነት ነበራ። «አዎ፣ የእናቴ ነው» አልኩት። «የሌላ ሰው እናት ብትሆን እንዲህ እጮህ ነበር ብዬ አልምልም። ድንጋዩ ግን የወደቀው እናቴ ስለሆነች አይደለም።»

ዕቅዱን ከእኔ ወስዶ ለባልደረባዬ ሰጠው። «ሰኞ ሄደህ ለክተህ ና» አለው። እኔም ለሰኞ የአንድ ቀን ፈቃድ ሞላሁ።

የበልግ ዝናብ እየቀረበ ስለነበር እንሰት የሚተከልበት ጊዜ ነው። ሰኞ ጠዋት ከእናቴ ጋር ችግኝ ተሸክመን በሽቦው መሀል ሾለክንና ሦስቱ ድንጋዮች ወደወደቁበት ራቁት መሬት ገባን።

«እማ፣ ይሄ እኮ የመንግሥት አጥር ነው» አልኳት፤ ምን እንደምትል ለመስማት።

«አጥሩን ይውሰዱት። አፈሩ እየሄደብኝ ነው» አለችና ጎንበስ ብላ መቆፈር ጀመረች።

ባልደረባዬ ሜትሩንና ቅጹን ይዞ ሲደርስ አሥራ ስምንተኛውን እየተከልን ነበር። እናቴን በአክብሮት ሰላም ብሎ ሽቦው ጋ ቆመ። እሷም በዚያ ወንድና ሴቱ በሚምታታ አማርኛዋ «አንተ ልጅ፣ ምን ትቆማለህ? ዶማው እዚያ ናት፣ ያዝ» አለችው። ሳቀ፤ ዶማውን ግን አላነሳም።

«እህቴ፣ ምን ውስጥ ነው የምትከቺኝ?» አለኝ። ቅጹን ገለበጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ‹የተክሉ ባለቤት› የሚል አለ። አጥር ውስጥ መትከል ያስጠይቃል። የማንም ብዬ ልለፈው?»

ሊያድነኝ ፈልጎ ነው፤ አውቄለታለሁ።

«የማንም አይደለም» አልኩት። «የኔ ብለህ ጻፍ።»

ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ነገርኩት። አንድ ፊደል እንዳይዘል እላዩ ላይ ቆሜ አየሁት። ጽፎ ሲጨርስ ቅጹን አዞረልኝ፤ ከታች የፊርማ ቦታ አለ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩና በጭቃ እጄ ፈረምኩ።