ሁለት እርከን ዝቅ

የልጅ ልጄ ጨዋታው ሲዘጋባት አትጮኽም፣ አትሳደብም። ወንበሯን ወደ ኋላ ትገፋለች። የወንበሩ እግር ወለሉን ሲፍቀው ኩሽና ሆኜ እሰማለሁ። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ ያን ድምፅ በቀን አንድ ሁለት ጊዜ እሰማው ነበር።

ከሠራዊት ከወጣች ወዲህ እስራኤል ውስጥ ኪርያት ማላኪ ከምትባል ከተማ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጧት የፋብሪካ ሰፈሩ ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ ከቀትር በኋላ ትመጣና ኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጣለች። መጀመሪያ ጊዜ ማባከን መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ሳይ ግን አምስት ሆነው አንድ ቡድን መሆናቸውን፣ እያንዳንዷ የራሷ ሥራ እንዳላት፣ በየረቡዑ ከሌላ ከተማ ቡድን ጋር እንደሚጋጠሙ ተረዳሁ። አምስቱም ሴቶች ናቸው፤ አምስቱም ከኢትዮጵያ የመጣነው የእኛው ልጆች። አለቃቸው የጎረቤት ከተማ የገዴራ ልጅ ናት። የልጅ ልጄ ሥራ ከኋላ ሆኖ መጠበቅ ነው። እሷ ከሌለች የቡድኑ ጀርባ ክፍት ይሆናል።

ችግሩ ይህ ነበር። ጨዋታው ሳይታሰብ ይዘጋል። ኮምፒውተሩ አይጠፋም፤ ጨዋታው ብቻ ይጠፋና ባዶው ገጽ ይመጣል። አንዳንድ ጊዜ የምስል ሚሞሪው አልበቃም የሚል ጽሑፍ ይወጣል። እንደገና ከፍታ እስክትገባ ድረስ ጓደኞቿ ይሸነፋሉ። ሁለት ረቡዕ በተከታታይ እንዲህ ሆነ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቡድኑ እየተመራ ሳለ ነበር። አለቃዋ ደወለች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

"ስንሸነፍ ብቻ ነው የምትወጪው" አለቻት።

"እኔ አልወጣሁም። እሱ ነው የሚዘጋው።"

"የኔ ለምን አይዘጋም? የአራታችን ለምን አይዘጋም? ስሚ እህቴ፣ ከዚህ በኋላ በግጥሚያ መሐል አንድ ጊዜ ከወጣሽ ቦታሽን ለተጠባባቂዋ እሰጣለሁ። ለማስተካከል ሦስት ሳምንት አለሽ፤ እስከዚያ እሷ ትጫወታለች።"

"ቤሰደር" አለች የልጅ ልጄ፣ እሺ እንደማለት። ስልኩን ዘጋችው።

ቡድኑ ውስጥ መቆየት አለመቆየቷ የእሷ ጉዳይ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ስሟ ነው። ሲከፋ የምትሸሽ ልጅ ተባለች። እኔ የማውቃት ልጅ እንደዚያ አይደለችም።

ደግሞ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነበረኝ። በሰንበት እሳት ስለማንነካ መብራቱን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ የሰንበት ሰዓት አለን። አሮጌው ሲበላሽ ርካሽ የሆነ ከገበያ ገዝቼ፣ የኮምፒውተሩ ገመድ ከሚሰካበት ሶኬት ላይ አድርጌዋለሁ። ጨዋታው መዘጋት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ሰዓቱ መብራት እየቆረጠ ልጅቷን ያዋረድኳት እኔ ነኝ ብዬ ሁለት ሳምንት በሆዴ ያዝኩት። እሑድ ጧት እሷ ሥራ ስትሄድ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሰኞ ጨዋታው ሁለት ጊዜ ተዘጋ። እኔ አልነበርኩም ማለት ነው። ያን ጊዜ ነገርኳት።

"ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም አልሽ?"

"ዝም አልኩ።"

እስክትደክም ሳቀች። "እምዬ፣ መብራት ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ ራሱ ድርግም ይል ነበር። አንድ ጥያቄ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"

"እሺ፣ አሁን እንጻፈው። ሰዓቱ ወጣ፤ ለውጥ የለም።"

ቤኤር ቱቪያ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት የፕላስቲክ ክዳን የሚያወጣ ማሽን ላይ ነው። ጎንደር አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር የመጣሁት፤ ፋብሪካው ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ማሽኑ ክዳን ማበላሸት ሲጀምር ሌሎቹ ሦስት አራት ነገር ባንድ ላይ ይነካካሉ፤ ሲስተካከልላቸው የትኛው እንዳስተካከለው አያውቁም። እኔ አንድ ነገር ብቻ እቀይርና እጽፋለሁ፤ ከዚያ እጠብቃለሁ። የምጽፈው ባማርኛ ነበር። የፈረቃው አለቃ መጀመሪያ ላይ "ደብዳቤው ለማን ነው?" እያለ ያሾፍብኝ ነበር። በኋላ ግን ማሽኑ ሲያስቸግረው መጥቶ አጠገቤ ይቆምና "ባለፈው ምን ብለሽ ጽፈሻል?" ይለኝ ጀመር። እያነበብኩ ወደ ዕብራይስጥ እመልስለት ነበር።

እንደዚያው አንድ ደብተር ያዝን። ቀን፣ ሰዓት፣ የሙቀቱ ልክ፣ ሲዘጋ ምን እየሠራ እንደነበር። እሷ ከክፍሏ ትጣራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

"እምዬ፣ ጻፊ! ስልሳ ዘጠኝ ዲግሪ። አዲስ ሜዳ እየከፈትኩ ነበር።"

"አዲስ ሜዳ ስትይ የትኛው ላይ? መስመሩ ሲሞላ ነው ወይስ ከሞላ በኋላ?"

"ሲሞላ። አንቺ ደግሞ እንደ ፖሊስ ነሽ።"

መስመሩ ያልኩት ጨዋታው አዲስ ቦታ ከመክፈቱ በፊት እስኪዘጋጅ ድረስ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሞላውን ነው።

በዚያው ሳምንት ኮምፒውተሩን ተሸክመን ያቭነ ከተማ ሄድን። እዚያ ኮምፒውተር የሚጠግን የእኛ ሰው አለ፤ ትሑት፣ እጁ ፈጣን። ጽሑፉን ስትነግረው ገና ሳይከፍተው "የምስል ካርዱ ነው" አለ።

"እንዴት አወቅህ?" አልኩት።

"አንቱ፣ ራሱ እየነገረን እኮ ነው! የምስል ሚሞሪ አልበቃም ይላል።"

"ፋብሪካ ውስጥም ማሽኑ ዘይት የለም እያለ ይጮህ ነበር። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ።"

ፈገግ አለ። ግን ደግ ሰው ነው፤ የራሱን ካርድ አውጥቶ ሰካልንና "አንድ ሳምንት ሞክሩት፤ ከተስተካከለ ትገዛላችሁ" አለን። ማክሰኞ በእሱም ካርድ ተዘጋ። ስደውልለት "እንግዲያ ሙቀት ነው፤ ይኼ ነሐሴ የማያቃጥለው የለም" አለኝ። ከደብተሩ አነበብኩለት፦ ስልሳ ስምንት፣ ሰባ አንድ፣ ስልሳ ዘጠኝ፣ መስኮቱ ተከፍቶም፣ ማቀዝቀዣው በርቶም።

ቁጥሮቹን እንድደግምለት ጠየቀኝ። "ይህ ሙቀት ደህና ነው። ማነው ይህን የጻፈው?"

"እኔ ነኛ።"

"በሉ አንቱ፣ እኔ የማውቀው እዚህ ድረስ ነው" አለ። ካርዱን መለስንለት።

ሁለተኛው ሳምንት ሲያልቅ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ካንድ ጀምረን አነበብነው። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተዘግቷል። አሥራ አራቱ መስመሩ ሲሞላ ነው። አንዱ ግን ለብቻው የቆመ ነበር። ያን ቀን ጨዋታ አልተከፈተም። አዲስ ጨዋታ እየጫነች፣ የታሸገውን ፋይል ኮምፒውተሩ እየፈታ ሳለ ስሕተት ብሎ ቆመ። እሷ ረስታዋለች፤ እኔ ግን ጽፌው ነበር።

"ይህን ሲፈታ የምስል ካርዱ ይሠራል?" አልኳት።

"አይ፣ የሚታይ ነገር የለም እኮ። ያን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው።"

"መስመሩ ሲሞላስ የማን ሥራ ነው?"

ደብተሩን ከእጄ ወስዳ እንደገና ከላይ አነበበችው። ከዚያ ቀስ ብላ "እሱም የፕሮሰሰሩ ነው" አለች። "ያን ጊዜ ነው እስከ መጨረሻው ፍጥነቱ የሚሮጠው። እምዬ፣ ካርዱ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ስሌት እየተሳሳተ ነው፤ ጨዋታው ደግሞ ያ ስሕተት ሲደርሰው የሚሞሪ ጉድለት መስሎት ይዘጋል።"

ፋብሪካ ውስጥ አንድ ማሽን ነበረን፤ በከፍተኛው ፍጥነት ካልሆነ በቀር ክዳን አያበላሽም። አለቃው ፍጥነቱን መቀነስ አይወድም ነበር። እኔ ትንሽ ዝቅ አደረግሁት፤ በፈረቃው መጨረሻ ደኅናው ክዳን በልጦ ተገኘ። ይህን ነገርኳት። እሷም ኮምፒውተሩ ገና ሲነሣ ከሚከፈተው የቅንብር ገጽ ገብታ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ፍጥነት ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል ታውቅ ነበር።

"ያላ፣ በይ፣ ሁሉንም ባንዴ እንቀይረው" አለች። "ፍጥነቱንም፣ ሚሞሪውንም፤ የፕሮግራሙን ማደሻም እጭናለሁ።"

"አንዱን ብቻ።"

"እምዬ፣ የቀረኝ አንድ ሳምንት ነው!"

"አንዱን ብቻ።"

ፍጥነቱን ሁለት እርከን ዝቅ አደረገችው፣ ሌላ ምንም አልነካችም። በአራት ቀን ሠላሳ ጊዜ አዲስ ሜዳ ከፈተች። እኔ በእያንዳንዱ አንድ ጭረት አሰመርኩ። አንድም ጊዜ አልተዘጋም። የጨዋታው ፍጥነት መቀነሱን በዓይን መለየት አይቻልም ነበር።

ረቡዕ አለቃዋ ከገዴራ መጣች፣ ላፕቶፗን በጀርባዋ አዝላ። "እዚሁ ሆኜ እጫወታለሁ፤ በዓይኔ ልይ" ብላ ነበር። ረጅም ልጅ ናት። እናቷ ያስተማረቻት ይመስላል፣ ጎንበስ ብላ "እንደምን ዋሉ" አለችኝ። ከዚያ ወደ ልጅ ልጄ ዞራ ፊቷን አጠቆረች።

"ተስተካክሏል እያልሽ ነው። መጀመሪያውኑ መበላሸቱን በምን ልመን?"

ግጥሚያው ሊጀመር ከአንድ ሰዓት ያነሰ ቀርቶት ነበር። የልጅ ልጄ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሣችው፣ ወደ ቅንብሩ ገጽ ገባችና ፍጥነቱን ወደ ድሮው መለሰችው። እኔ አልነገርኳትም። ፋብሪካ ውስጥ እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር፤ ጥፋቱን መልሶ ማምጣት ካልተቻለ ምክንያቱ ታውቋል አይባልም። ይህን ግን ለእሷ አስተምሬያት አላውቅም። ፈራሁ። ባይዘጋ ውሸታም ልትባል ነው።

"እጄን እይ" አለቻት፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ። ሜዳው ተከፈተ። ምንም አልሆነም። እንደገና ከፈተች፤ ምንም። በሦስተኛውም ምንም።

"ዛሬ ደግሞ አፈረ እንዴ?" አለች አለቃዋ።

"ጠብቂ።"

በአምስተኛው መስመሩ ግማሽ ሲደርስ ጨዋታው ጠፋ፤ ያ ጽሑፍ ወጣ። የልጅ ልጄ እጆች ጭኗ ላይ ናቸው። አለቃዋ ጽሑፉን አየች፣ እጆቿን አየች፣ እኔን አየች።

"ሳቭታ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር?" አለችኝ፤ በዕብራይስጥ አያቴ ማለቷ ነው።

"አሥራ ዘጠኝ ጊዜ" አልኳት።

ልጅቷ ላፕቶፗን ዘርግታ ምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠች። የልጅ ልጄ ፍጥነቱን ሁለት እርከን መልሳ ዝቅ አደረገችው። ሦስት ዙር ተጫወቱ። በመጀመሪያው ተሸነፉ፤ ክፉኛ ሲበለጡም የእሷ ጨዋታ ክፍት ነበር። ሁለተኛውን አሸነፉ። በሦስተኛው ከቡድኑ እሷና አለቃዋ ብቻ ሲቀሩ የያዝኩትን ሰሃን አስቀመጥኩ። አለቃዋ "ከኋላዬ ነሽ?" አለች፤ የልጅ ልጄ "እዚሁ ነኝ" አለች። አሸነፉ።

አለቃዋ ማዳመጫዋን አወለቀች። ይቅርታ የሚለውን ቃል ፈለገችው መሰለኝ፤ በአማርኛም በዕብራይስጥም ሳይመጣላት ቀረ። "ተጠባባቂዋን ዛሬ እነግራታለሁ" አለች። "ቦታሽ ያንቺ ነው።"

የልጅ ልጄ አልዘለለችም፣ አላቀፈቻትም። "ቤሰደር" አለች፤ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ የሚመጣውን ረቡዕ ተጋጣሚዎች ማየት ጀመረች። ይህ ዝምታ ከእኔ የወረሰችው ነው። በሌላ ነገሯ ብዙ ጊዜ ኮርቻለሁ፤ በዚህኛው ግን በራሴም ጭምር ደስ አለኝ።