ምራት የማትጠራው ስም

ችሎት ባለብኝ ጧት ምግብ በአፌ አይዞርም ነበር። ባለቤቴ መጀመሪያ ትቆጣ ነበር፤ ቀጥላ ለመነችኝ፤ በኋላ ግን "ተዉት፣ ዛሬ ክርክር አለበት" ብላ ሳህኑን ማንሣት ለመደች። ሰው ጠበቃ ሲባል ደረቱን ነፍቶ የሚናገር ደፋር ይመስለዋል። ድንቄም ደፋር! አምቦ ላይ በጥብቅና በኖርኩባቸው የደርግ ዓመታት ፍርድ ቤቱ በር ስደርስ ወደ ቤቴ መመለስ ያልፈለግኩበት ቀን አላስታውስም። መዝገቤን ቤት ሦስቴ፣ መንገድ ላይ ሁለቴ ከፍቼ አያለሁ። የሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ ወረቀት ሳገላብጥ ያየኝ ሁሉ "ደግሞ ምን ጠፋበት?" ይል ነበር።

የምይዘው ጉዳይ ዓይነትም አያረጋጋም። ለእኔ የሚደርሰኝ የነጋዴ ጠብ ነበር፦ ሁለት ሰው በሽርክና የገዙት አይሱዙ፣ በሁለት ሰው ጉልበት ተከፍቶ በአንዱ ስም ፈቃድ የወጣለት ሱቅ፣ አንዱ ሸሪክ ሞቶ ወራሾቹ የተከዱበት ወፍጮ። የግል ንብረት በጎሪጥ በሚታይበት በዚያ ጊዜ "ድርሻዬ" ብሎ ጮክ ማለት ራሱ ያስፈራል። አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር "አንተ የከበርቴ ጠበቃ!" ብሎ እየሳቀ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ይቀልድ ይሁን ያስጠንቅቀኝ አልገባኝም። ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰልብኝ ሰነበተ።

የጎጆው ወፍጮ ጉዳይ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ጎጆ ከአምቦ በስተሰሜን ጀልዱ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዷ አጥንት ይሰብራል፣ መንገዷ የሰውን ኩላሊት ያወርዳል። ሁለት ሴቶች በእህል መኪና ላይ ተጭነው፣ አቧራ ለብሰው ቢሮዬ ገቡ። አንዷ አሮጊት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ዓመት አልሞላም። ሌላዋ ምራታቸው ናት፤ የእሷም ባል፣ ማለት የአሮጊቷ ልጅ፣ ቀደም ብሎ ሞቷል። ባል የሞተባቸው ሁለት ሴቶች በአንድ ቤት፣ ቤቱ ደግሞ ከወፍጮው ጀርባ። የሚኖሩት በወፍጮው ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ሽማግሌው ከአንድ የአምቦ ነጋዴ ጋር ተሻርከው ነበር። ነጋዴው የናፍጣ ሞተሩን አመጣ፤ ሽማግሌው ቦታውን፣ ቤቱንና ጉልበታቸውን አወጡ። ውላቸው አንድ ገጽ ናት። በእሷ ውስጥ ሁሉን ነገር የምትይዝ አንዲት መስመር አለች፦ "ሞተሩ ያለ ሁለቱ ወገን ስምምነት ከቦታው አይነሣም።" ሽማግሌው ሲሞቱ ነጋዴው ሞተሩን ነቅሎ ባኮ፣ ወደ በቆሎው አገር፣ ሊወስደው ተነሣ። ሞተሩ ሄደ ማለት ሁለቱ ሴቶች ባዶ ቤት ታቅፈው ቀሩ ማለት ነው።

ነጋዴው ከደቡብ መጥቶ አምቦ የከተመ ሙስሊም ነው። ኦሮምኛውን እንደ እኛው ይናገራል፤ በከተማው ክፉ ስም አልነበረውም። ለክሱ የሰጠው መልስ ግን ክው አደረገኝ። "ሟች የእኔ ቅጥር ወፍጮ ፈጪ ነበሩ። ውል አልተፈራረምንም፤ ፊርማውም የእሳቸው አይደለም። ቤታቸውን ረግጬ አላውቅም።" አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ጠበቃ አምጥቷል፤ ያ ጠበቃ ነው እንዲህ ያስጻፈው ብዬ ገመትኩ። ሰው ጠበቃ ፊት ሲቀርብ የማይለውን ይላል፤ እኔም ብዙ ሰው እንዲህ አሰኝቻለሁ።

ውሉ ላይ ከፈረሙት ሁለት እማኞች አንዱ ሞቷል። ሌላው ካቺሲ ከተማ ሄደ ተባለ፤ አስፈለግኩት፣ የገባበት ጠፋ። ሽማግሌው ሲፈርሙ ያየ በሕይወት ያለ ሰው ምራትየዋ ብቻ ሆነች። ውሉ የተፈረመው እቤታቸው ነው፤ አሮጊቷ ያን ቀን ለቅሶ ሄደዋል። ምራትየዋ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በሁለት እጇ ይዛላቸዋለች።

ታዲያ ሦስት ጊዜ እየጠየቅኩ አዘጋጀኋት። የት ቆመሽ ነበር? በየትኛው እጃቸው ፈረሙ? ቀለሙ ምን ዓይነት ነበር? አንዷንም አላዛነፈችም። ሰማያዊ ነው፣ በቀኝ ነው፣ መጀመሪያ ብዕሩ አልጽፍ ብሎ መዳፋቸው ላይ ሞከሩት። መዳፋቸው ላይ ሞከሩት! እንዲህ ያለ ነገር ያላየ ሰው አይፈጥረውም። ደስ አለኝ። ስማቸውን በየጊዜው የምጠራው እኔ ነበርኩ፤ እሷ "ኤዬ፣ ኤዬ" እያለች፣ አዎ ማለቷ ነው፣ ትከተለኛለች። ይህን ያስተዋልኩት ግን ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ዳኛው አዲስ ነው፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ከተዛወረ ሁለት ወር አይሞላውም። አሮጊቷ በነጠላቸው ተከናንበው ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ነጋዴው በስተግራ፣ የአዲስ አበባው ጠበቃ ከጎኑ። ምራትየዋ ምላ ቆመች። እሷ በኦሮምኛ ትናገራለች፣ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ ጸሐፊው ይጽፋል።

አጀማመሯ ማለፊያ ነበር። የወረቀቱን፣ የቀለሙን፣ የመዳፉን ነገር ስትናገር ዳኛው ራሱ ቀና ብሎ አያት። ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገቤን ዘጋሁት።

"የፈረሙት ማን ናቸው?" አልኩ።

"አባ" አለች።

የአዲስ አበባው ጠበቃ ብድግ አለ። ሰውየው ሞኝ አልነበረም። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሯ 'አባ' የምትለው ስንት ሰው እንደሆነ ትጠየቅልኝ።"

አስተርጓሚው ጠየቃት። ሴትየዋ መዋሸት አታውቅም፤ በጣቷ ቆጠረች። የባሏ አባት፣ ሦስቱ ወንድሞቻቸው። "አራት" አለች።

"ከአራቱ የፈረመው የትኛው ነው? 'የባሌ አባት' ማለት አይበቃም፤ ውሉ ላይ ያለው ስም ይነገረን" አለ ጠበቃው።

ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። "ተገቢ ጥያቄ ነው። ስም ይመዝገብ።"

ዝም አለች።

በዚያች ቅጽበት ነው የገባኝ። ወይኔ ሰውዬው! እኔ እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ በኦሮምኛ ላጉ እንለዋለን፣ ክልክል ነው፣ ነውር ነው፣ እሳቸው ቢሞቱም እንኳ አይጠራም። ሚስትም የባሏን አትጠራም። የራሴ እናት የአባቴን አባት ስም አንድ ቀን ከአፏ አውጥታ አታውቅም። የአያቴ ስም ዝናብ ማለት ስለነበረ እናቴ ዝናብን "የሰማይ ውኃ" እያለች ነው ያሳደገችን። ትምህርት ቤት ገብቼ "የሰማይ ውኃ መጣ" ብዬ ልጆች የሳቁብኝ እኔ፣ የሕግ መጽሐፍ ስገልጥ ኖሬ ይህን ረሳሁት። ስለ ቀለሙ ሦስቴ ጠይቄ ስሙን አንዴ አላስጠራኋትም።

ስሙን እኔ እንዳልነግራት የራሴ ምስክር ናት፤ መልስ አፏ ላይ ማድረግ ክልክል ነው። አሮጊቷን እንዳልጠቁም እሳቸውም አይጠሩትም። ያንን ሰው ከማንም በላይ የሚያውቁት ሁለት ሴቶች እዚያው ክፍል ውስጥ ናቸው፣ አንዳቸውም ስሙን አይሉትም። አስተርጓሚው መሬት መሬት ያያል። እሱም ያውቃል፤ ግን የተነገረውን ነው እንጂ ዝምታን አይተረጉም።

ተነሣሁ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ በዚህ አገር ልማድ ምራት የ..."

"እቃወማለሁ!" አለ ያኛው። "ጠበቃው ለምስክሯ ሰበብ እየፈጠሩላት ነው። አይታ ቢሆን ኖሮ ስሙን ለመናገር ምን ይይዛት ነበር?"

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የማያውቀው አገር ላይ ተወርውሮ እሱም እንደ እኔ የሚፈራ ሰው ነበር። "ጠበቃ፣ ሕጉ እንዲህ ያለ ልማድ አያውቅም። አብዮቱ ሴቶችን ከኋላ ቀር ልማድ ነፃ አውጥቷል። ስሙን ትናገር፤ ካልተናገረች ቃሏን አልቀበልም።"

ቃሏ ካልተያዘ ውሉ የለም። ውሉ ከሌለ ሞተሩ ነገውኑ ባኮ ነው። አሮጊቷን አየኋቸው፤ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበዋል። ምራትየዋን አየኋት፤ ግንባሯ በላብ ወዝቷል። ከዚያ ያደረግኩትን አልደብቅም። በኦሮምኛ ጮህኩባት። "ጥሪው! ወፍጮው ሊሄድ ነው፣ ስሙን ጥሪውና ተገላገይ! ምን ታፈጥጪብኛለሽ?"

አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመውም። መተርጎም አላስፈለገም፤ ዳኛው ከድምፄ ተረድቶታል።

ምራትየዋ ወደ አማቷ ዞረች። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሴትየዋ ዓይኗን ጨፈነች፣ አፏን ከፈተች።

"በቃ!" አለ አንድ ሰው።

ነጋዴው ነበር። ጠበቃው ኮቱን ይዞ ቢጎትተውም ቆሟል፤ ኮፍያውን በእጁ ጨምድዶ ይዟል። ሳይፈቀድለት፣ በአማርኛ፣ ቀጥታ ለዳኛው ተናገረ። "ወላሂ ሴትዮዋ አትዋሽም። የእሳቸውን ስም ልትጠራ አትችልም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት በልቻለሁ፣ አድሬያለሁም፤ ለእኔ ብለው ዶሮውን በሙስሊም እጅ ነበር የሚያሳርዱት። አንድ ቀን እንኳ ስማቸውን ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። ነውር ነው፣ አታስጠሯት።"

"ቤታቸውን ረግጬ አላውቅም" ብሎ ያስጻፈ ሰው ነው እንዲህ ያለው። ያለውን ያወቀው ከተናገረ በኋላ ይመስለኛል፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን መልሶ አደረገ፣ ወዲያው ችሎት መሆኑ ትዝ ብሎት አወለቀ። ጠበቃው ግንባሩን በመዳፉ ያዘ።

እኔስ? ሰው ብሆን ለአፍታ ዝም እል ነበር። ግን ጠበቃ ነኝ። የጸሐፊው ብዕር ሳይቆም "ተከሳሽ የተናገረው ቃል በቃል ይመዝገብልኝ!" አልኩ። ድምፄ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተመዘገበ። ሴትየዋ ስሙን ሳትጠራ ከቆመችበት ወረደች። ዳኛው ነጋዴውን ጥቂት ጥያቄ ጠየቀው፤ እሱም ከዚያ በኋላ አልካደም። ውሉ ጸና፤ ሞተሩ ከጎጆ አልተነቀለም። በከተማው "ባላጋራውን በገዛ አፉ ያሳመነ ጠበቃ" ተባልኩ። ከጉደር፣ ከግንጪ ነጋዴዎች ይመጡልኝ ጀመር፣ "እንደዚያ የወፍጮውን እንዳደረግከው" እያሉ። አንድም ቀን አላረምኳቸውም።

የዚያን ዕለት ግን ከችሎት ስወጣ ነጋዴው ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ አገኘሁት። የሚሰድበኝ መስሎኝ መንገድ ልቀይር አልኩ። አልሰደበኝም።

"አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም እንዴ?" አለኝ።

"ነኝ።"

"እናትህ ትጠራለች?"

እሱ ተሸንፏል፣ እኔ ረትቻለሁ፣ የማፍረው እኔ ነኝ። "ሥራዬ ነው" አልኩ በመጨረሻ።

"እኔም ካድኩ። ሞተሩን ፈልጌ ካድኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ" አለ። "ግን አንተ የምር ልታስጠራት ነበር?"

አሮጊቷና ምራትየዋ ከበሩ ወጡ። አሮጊቷ ወደ እኔ ይመጣሉ ብዬ ፈገግታዬን አዘጋጀሁ። አለፉኝ። ነጋዴው ጋ ሄዱና እጁን ያዙት፤ እሱ ዝቅ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ። ምራትየዋ ከእኔ ፊት ስትደርስ ዓይኗን ሰበር አድርጋ አለፈች። ነጋዴው የአሮጊቷን ጥቅል ተሸክሞ የጎጆ መኪና ወደሚቆምበት ሦስቱም አብረው ሄዱ። ከረታሁት መዝገብ ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

እነዚህን ትዝታዎች ስጽፍ የማንንም ስም ያላነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። የሽማግሌው ስም ብዕሬ ጫፍ ላይ ደርሶ ያውቃል፤ በደረሰ ቁጥር የነጋዴው ጥያቄ ይመጣብኛል። ያኔ ያልመለስኩለትን አሁን ልመልስ።

አዎ፣ ላስጠራት ነበር።