ሸለምጥማጥ የማይበሳው መከለያ

እኔ አንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ በዶሮ ቤት ሰበብ ፍርድ ቤት አቁሜ ያስቀጣሁ ሰው ነኝ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ሚስቴም አላመነችኝም።

በፋብሪካው በያጅ ነበርኩ። ብየዳ ያስተማርኩት እኔው ራሴን ነው፤ ተማሪውም አስተማሪውም ጎበዝ ነበሩ። የጥጥ ማበጠሪያውን ማሽን ጥርስ የሚጋርደውን የሽቦ መከለያ የሠራሁት፣ ቢጫ የቀባሁትም እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ "ይሄ ሥራ ያጓትታል" ብሎ አስፈታው። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ የታናሽ ወንድሜን ቀኝ እጅ ያዘ። ሦስት ጣት በላ።

ወንድሜ ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሥራ አስኪያጁ ምን ብሎ አስወራ? "መከለያውን ራሱ ፈትቶ ሸጦታል።" ጣቱ መቆረጡ ሳያንስ ሌባ ተባለና ከሥራ ተባረረ። በግራ እጁ ፊቱን ሸፍኖ ሲያለቅስ አየሁት። ወላሂ፣ ይሄን ሰውዬ ሳላዋርድ አልሞትም አልኩ።

ቀን ጥሎት ራሱ ጠራኝ። ደሴ ያለው ቤቱ የግቢው በር ማጠፊያ ተሰብሮበት ኖሯል። ሰኞ ገበያ የሚባለውን ሰፈር አለፍ ብሎ ነው። ገባሁ፤ ጥግ ላይ ዶሮዎች ይንጫጫሉ። ፊታቸው የተገተረው የኔ ቢጫ ሽቦ ነው!

"አለቃ፣ ዶሮዎችዎ ወፍረዋል" አልኩት።

"ሸለምጥማጥ ፈጅቶብኝ ነበር" አለኝ ደስ ብሎት። "አሁን ጥርሱን ቢያሾል አይነካቸውም።"

ዶሮዋን ከጥርስ ከለላት፤ ወንድሜን ለጥርስ ሰጠው። ሳቅኩለት። እንዳይጠረጥር በሩን አሳምሬ በየድኩለትና በማግስቱ የመንግሥት የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪዋ ቢሮ ተገኝቼ መከለያው የት እንዳለ ነገርኳት።

"ይቀልዳሉ እንዴ?" አለችኝ።

"ሌላ ቀን እቀልዳለሁ፣ እህቴ። ዛሬ ደሴ ውጪና ዶሮዎቹን እዪያቸው።"

ከፖሊስ ጋር ወጣች። መከለያው በፒካፕ ኮምቦልቻ ወረደ፤ አንዲት ቀይ ዶሮም አልለቅም ብላ አብራ ወረደች። ማሽኑ ላይ ሲለካ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ልክክ አሉ። ማሽኑ እዚያው ታሸገ።

ችሎት ላይ የፋብሪካው ጠበቃ "ጥፋቱ የግለሰቡ ነው፣ ድርጅቱን አይመለከትም" አለ።

ዳኛው "ዶሮዎቹ የግለሰቡ ናቸው" አሉ። "ሰው ያለ መከለያ ያሠራው ግን ድርጅቱ ነው።"

ፋብሪካው ተቀጣ፤ ለወንድሜም ካሳ ተፈረደለት፣ የሌብነት ስሙም ተነሳለት። እኔ ፊተኛው ወንበር ላይ የሠርጌን ሱፍ ለብሼ ጥርሴ አልከደን ብሎኝ ነበር።

አልጠገብኩም። መከለያው ተመልሶ ካልተገጠመ ማሽኑ አይከፈትም ተባለ። "እኔ በያጅ ነኝ፣ የዶሮ ኩስ አልጠርግም። ባለ ዶሮው ይጥረግ" ብዬ እጄን አጣጠፍኩ። ሥራ አስኪያጁ ከሥራ ሊሰናበት ጥቂት ሲቀረው፣ ክራቫቱን እንዳሰረ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከቦ እያየው ተንበርክኮ ፋቀ። ወንድሜ አጠገቡ ቆሞ ከተረፉት ሁለት ጣቶቹ በአንዷ እየጠቆመ፦

"እዚያ ጋ ቀርቶሃል።"

ውሸት ካላችሁ ኮምቦልቻ ውረዱ። ፈረቃ ሲቀየር በር ላይ የሚወጣውን ሠራተኛ ጠይቁ። ከዚያ ወንድሜን ፈልጉና ቀኝ እጁን ጨብጡት፤ ጨብጣችሁት ስትጨርሱ፣ ያኔ ውሸታም በሉኝ።